ኮርኒስ ውስጥ ያሉት የሌሊት ወፎችና 3,204ቱ ኮሮናዎች

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ያለው የእናቴ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሌሊት ወፎች ከገቡ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ማታ ማታ ሲወጡ እናያቸዋለን። ሰሞኑን የሌሊት ወፎች ከ3,000 በላይ የኮሮና ዓይነት ይሸከማሉ የሚል ነገር አነበብኩ። የጂንካው ማርበርግም ከነሱ ነው ሲባል ሰማሁ። እናቴ አስም አለባት፣ ልጆቼም ለእረፍት እዚያ ይከርማሉ። አጎቴ በርበሬ አጭሰን እንጨርሳቸው ይላል። እነዚህ ሁሉ ኮሮናዎች ወደ ሰው ይመጣሉ? ምን ላድርግ?»

በርበሬውን ይተዉት። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ያስፈራዎት ቁጥር ከየት እንደመጣ እንይ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኮሮና ስልም ኮቪድን ብቻ ሳይሆን የቫይረሶቹን ቤተሰብ በሙሉ ማለቴ ነው።)

ከ3,000 በላይ የተባለው የተገኙ ቫይረሶች ዝርዝር አይደለም። ግምት ነው። በ2017 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በ20 አገሮች ከ12,000 በላይ የሌሊት ወፎችን መረመረ። አይጦች፣ ጦጣዎችና ሰዎችም ተጨምረዋል። በጠቅላላው 100 የተለያዩ ኮሮናዎች ተገኙ። ከነዚህ 91ዱ የሌሊት ወፎች ላይ ነበሩ። ኮሮና የተገኘባቸው የሌሊት ወፎች ግን ከ100 ዘጠኝ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከ90 በላዩ በተመረመሩበት ቀን ምንም አልተገኘባቸውም። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ስሌት ሠሩ። በዓለም ያሉት የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ሁሉ ቢመረመሩ ስንት ኮሮና ይገኛል ብለው ጠየቁ። መልሱ ቢያንስ 3,204 ሆነ። ያነበቡት ቁጥር ይኸው ነው።

«ተገኘ» የሚለው ቃልም ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ላሳይዎት። ፀሐይ ስትጠልቅ ዋሻው አፍ ላይ እንደ ፀጉር በቀጠነ ክር የተሠራ መረብ ይዘረጋል። የሌሊት ወፏ ስትያዝ በጓንት ተፈትታ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ትገባለች። ብዙዎቹ ነፍሳት በሊታዎች ክብደታቸው 10 ግራም አይሞላም። እጅዎ ላይ ስትይዟት ከሰውነቷ ይልቅ የልቧ ምት ነው የሚሰማዎት። አፏና ፊንጢጣዋ በጥጥ ይነካል። ጥጡ በትንሽ ቱቦ ተደርጎ በብርድ ይቀመጣል፤ እሷ ትለቀቃለች። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረሱ የዘር ጽሑፍ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው። የኮሮና የዘር ጽሑፍ 30,000 ያህል ፊደል አለው። የሚነበበው 400 ያህሉ ሊሆን ይችላል። 75 ገጽ ካለው መጽሐፍ አንዲት ገጽ አንብቦ «ይህ ካሁን በፊት ያላየነው መጽሐፍ ነው» እንደማለት ነው። መጽሐፉ መኖሩን ያሳያል። ምን እንደሚያደርግ ግን አይነግረንም። ከሌሊት ወፍ ተወስደው ላቦራቶሪ ውስጥ በሕይወት እንዲራቡ የተደረጉት ኮሮናዎች በጣም ጥቂት ናቸው።

ብዛቱ ራሱ ግን እውነት ነው። ምክንያትም አለው። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያ አለ። ከአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች ሁሉ አንድ አምስተኛው እነሱ ናቸው። እኛ በአንድ ስም ስለምንጠራቸው አንድ ዓይነት ይመስሉናል። በተረታችንም ወፍም አይጥም ያልሆነች አንዲት ፍጥረት ናት። ነገር ግን በዓይኗ ፍራፍሬ የምትፈልገው ትልቋ የሌሊት ወፍና በድምፅ ነፍሳት የምታድነው ትንሿ ከተለያዩ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ኮሮናዎቹም አብረው ተለያይተዋል። አንድ ዋሻ ውስጥ ጎን ለጎን የተንጠለጠሉ ሁለት ዝርያዎች የተለያየ ኮሮና ይዘው ይገኛሉ። በሺህ ኪሎሜትር የተራራቁ የአንድ ዝርያ የሌሊት ወፎች ደግሞ የተዛመደ ኮሮና ይይዛሉ። ቫይረሱ ከቦታው ይልቅ ከዘሩ ጋር ነው የተጣበቀው። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ዜና ነው። ብዙዎቹ ኮሮናዎች ለአንድ ዓይነት አካል ተሰፍተው የተሠሩ ናቸው፤ ሌላው ላይ አይሆኑም።

ሌላው ምክንያት ቫይረሱ ራሱን የሚቀዳበት መንገድ ነው። ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ ያስቡ። ፊደል ይስታል፣ ይዘላል። ኮሮና ስሕተቱን የሚያርምበት መሣሪያ ስላለው ከብዙ መሰል ቫይረሶች ያነሰ ይሳሳታል። ነገር ግን ሌላ ጠባይ አለው። አንድ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ኮሮናዎች ከተገናኙ፣ ከአንደኛው ጀምሮ እየቀዳ መሃል ላይ ወደ ሁለተኛው ሊሻገር ይችላል። ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ የሆነ አዲስ ቅጂ ይወጣል። በሺዎች ሆነው ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቦታ ይህ ደጋግሞ ይሆናል።

የሌሊት ወፎቹስ ለምን አይታመሙም? ለሚለው፣ ሰውነታቸው ቫይረሱን ያፍነዋል እንጂ እንደኛ በእብጠትና በትኩሳት አይነድበትም። የመጀመሪያው የመከላከያ ጥሪ ቶሎ ይሰማል፤ ራስን የሚያቃጥለው ክፍል ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። በረራ የሚፈጥረውን ከባድ ጫና ለመቋቋም የመጣ ለውጥ እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ። ስለዚህ «በሽታ የተሸከመ እንስሳ» የሚለው አባባል ትክክል አይመስለኝም። ለነሱ በሽታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ሁሉም ወደ ሰው ይመጣሉ? አይመጡም። ሰውን እንደሚይዙ በደንብ የምናውቃቸው ኮሮናዎች ሰባት ናቸው። አራቱ ተራ ጉንፋን ያመጣሉ። ከባድ የሳንባ በሽታ የሚያመጡት ሦስቱ ሳርስ፣ መርስና ኮቪድ-19 ናቸው። ቫይረሱ ሰው ሕዋስ ውስጥ ለመግባት ላዩ ላይ ያለው እሾህ እንደ ቁልፍ መግጠም አለበት። የሳርስና የኮቪድ ቁልፍ የሚገጥመው ኤሲኢ2 የሚባለው ፕሮቲን ላይ ነው። የመርሱ ደግሞ ዲፒፒ4 ላይ። ኬንያ ውስጥ የሳርስ ዘመድ የሆነ ቢቲኬዋይ72 የተባለ ቫይረስ የሌሊት ወፍ ላይ ተገኝቷል። ጎረቤት አገር ስለሆነ እጠቅሰዋለሁ። ቁልፉ የሰውን ኤሲኢ2 አይከፍትም። ነገር ግን ላቦራቶሪ ውስጥ እሾሁ ላይ ሁለት ቦታ ሲለወጥ መያዝ ቻለ። ሁለቱም ነገር ልብ ይበሉ። በሩ ዝግ ነው፤ የተቆለፈው ግን በሰባት ቁልፍ አይደለም። ቫይረሶቹን መከታተል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቁልፉ ቢገጥም እንኳ መገናኘት ያስፈልጋል። የታወቁት ታሪኮች የሚያሳዩት ቫይረሱ ብዙ ጊዜ በድልድይ እንደሚሻገር ነው። ሳርስ በ2002 መጨረሻ ደቡብ ቻይና ውስጥ ጓንግዶንግ ላይ ተነሳ። 8,096 ሰው ያዘ፤ 774 ገደለ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ገበያ ላይ በሕይወት የሚሸጥ አንድ የጥርኝ ዘመድ ነበር። ዝባድ የምትሰጠው የኛ ጥርኝ አይደለችም፤ ቤተሰባቸው ግን አንድ ነው። በ2005 ዘመድ ቫይረሶች የፈረስ ጫማ የመሰለ አፍንጫ ባላቸው የሌሊት ወፎች ላይ ተገኙ። ከዚያ አንድ ቡድን ዩናን ግዛት ውስጥ አንዲት ዋሻን አምስት ዓመት ሙሉ ደጋግሞ መረመረ። በ2017 ውጤቱ ወጣ። ሳርስን ለመሥራት የሚያስፈልጉት ቁርጥራጮች በሙሉ እዚያች ዋሻ ባሉ የተለያዩ ቫይረሶች ውስጥ ተበታትነው ተገኙ። ቅድም ያልኩት የቅጂ መሻገር ማለት ይሄ ነው።

ኮቪድን በተመለከተ አንድ ስሕተት ላርም። «የሌሊት ወፍ ላይ 96 በመቶ አንድ የሆነ ቫይረስ ስለተገኘ በቀጥታ ከሌሊት ወፍ መጣ» ይባላል። ከ30,000 ፊደል 4 በመቶ ማለት 1,200 ገደማ ልዩነት ነው። ይህን ያህል ለመራራቅ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ሰሜን ላኦስ ውስጥ የተገኘው ባናል-52 ትንሽ ይቀርባል፤ 96.8 በመቶ ነው። እሱም ዘመድ እንጂ አባት አይደለም። የቅርብ ዘመዶቹ እነዚሁ የሌሊት ወፎች ላይ መሆናቸው የታወቀ ነው። እንዴት ወደ ሰው እንደተሻገረ ግን ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም።

የሌሊት ወፍ ዋሻ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችስ? ዩናን ውስጥ በ2015 ከ218 የመንደር ነዋሪዎች ደም ተወስዶ ነበር። የሌሊት ወፍ ኮሮና ያገኛቸው መሆኑን የሚጠቁም ምልክት የታየው 6ቱ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዋሻዎቹ ጥቂት ኪሎሜትር ርቀው ነው የኖሩት። ስለዚህ መሻገር አለ፤ ግን ብርቅ ነው።

የእኛ አገር ሰው ስለ ኮሮና ከእንስሳት ጋር አያይዞ ማሰብ ካለበት ከሌሊት ወፍ በፊት ግመልን ቢያስብ እመርጣለሁ። መርስ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በ2012 ተለየ። እስካሁን 2,600 ያህል ሰው ይዟል፤ ከሦስቱ አንዱን በላይ ገድሏል። የዘር ሐረጉ ወደ ሌሊት ወፍ ይጠቁማል። ወደ ሰው የሚያሻግረው ግን ግመል ነው። የተከማቹ የግመል ደሞች ሲመረመሩ ቫይረሱ ቢያንስ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ግመሎች ላይ እንደነበረ ታየ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተመረመሩት ጎልማሳ ግመሎች ከ90 በመቶ በላዩ ቫይረሱ አግኝቷቸው ያውቃል። አፍሪካ ውስጥ የሚዘዋወረው ዝርያ ከዓረቢያው ይለያል፤ ሰው ላይም እንደዚያ ያለ ከባድ ወረርሽኝ አላስነሳም። ቢሆንም ሳዑዲም ሆነ ኤምሬትስ ግመል የሚጠብቅ ዘመድ ካለዎት ጥሬ የግመል ወተት እንዳይጠጣ፣ ንፍጥ ያለበትን ግመል ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና እንዲታጠብ ይንገሩት። ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ከግመል በረት ቢርቅ ይሻላል።

ማርበርግ ሌላ ነገር ነው። ከኮሮና ጋር ዝምድና የለውም፤ ከኢቦላ ወገን ነው። ተሸካሚዋም አንዲት የታወቀች ዝርያ ናት። የግብፅ ፍራፍሬ በሊታ የምትባለው፣ ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በብዛት የምታድረው ናት። እናትዎ ቤት ያሉት እነሱ መሆን አለመሆናቸውን መለየት ይቻላል። ፍራፍሬ በሊታዋ ትልቅ ናት፤ ክንፏ ሲዘረጋ ግማሽ ሜትር ይሞላል። ዓይኗ ጎላ ያለ፣ ፊቷ የውሻ ቡችላ የሚመስል ነው። ቆርቆሮና ኮርኒስ መሃል የሚገቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ነፍሳት በሊታዎች ናቸው። ኩሳቸው የአይጥ ይመስላል። ማስክ አድርገው አንዷን ፍሬ በእንጨት ጫፍ ጫን ቢሏት ትፈረካከሳለች። ውስጧም የነፍሳት ክንፍና ቅርፊት ያብረቀርቃል። የአይጥ ኩስ እንዲህ አይፈረካከስም።

አሁን ወደ በርበሬው። አጎትዎ ለቤተሰቡ አስበው ነው። ነገር ግን ጭሱ የሚያደርገው ይህ ነው። የሌሊት ወፎቹ ደንግጠው በሁሉም ቀዳዳ ይወጣሉ፣ ከፊሎቹ መኝታ ቤት ይገባሉ፣ ከፊሎቹ ወለል ላይ ይወድቃሉ። ልጆች ሊያነሷቸው ይሞክራሉ። የተጨነቀ እንስሳ ይነክሳል፣ ይሸናል። እስካሁን በናንተና በነሱ መሃል ኮርኒስ ነበረ። በአንድ ቀን እሱን አፈረሳችሁት ማለት ነው። አስም ላለባት እናት ደግሞ የበርበሬ ጭስ ራሱ አደጋ ነው።

መግደል ደግሞ ችግሩን ያብሳል። ይህ ግምት አይደለም፤ ዩጋንዳ ውስጥ ታይቷል። በ2007 ኪታካ በተባለ የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች ማርበርግ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ሰዎች ውስጡ የነበሩትን ፍራፍሬ በሊታዎች ፈጇቸው፣ መግቢያዎቹንም ዘጉ። ከዓመታት በኋላ የሌሊት ወፎቹ ተመለሱ፤ ቁጥራቸው ግን ከድሮው በጣም ያነሰ ነበር። በ2012 እዚያው አካባቢ እንደገና ማርበርግ ተነሳ። ጉድጓዱ ሲመረመር በፊት 5 በመቶ ገደማ የነበረው በቫይረሱ የተያዙት ድርሻ ከ13 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ አይከብድም። ቀድሞ ቫይረሱ አግኝቷቸው የዳኑት ጎልማሶች ሲያልቁ ቦታውን የሚይዙት ቫይረሱን የማያውቁ እንግዶችና ወጣቶች ናቸው። ኮሮና ላይም ጥናቶች ተመሳሳይ ነገር ይጠቁማሉ። ቫይረሱ የሚበዛው ብዙ ግልገሎች አንድ ላይ በሚያድጉበት ወቅት ነው። ጎልማሶቹን መፍጀት ማለት ይህንኑ ወቅት ማራዘም ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። አትግደሏቸው፤ ሳትነኳቸው አስወጡና በሩን ዝጉ። ሥራው ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ ለሁለት ለሦስት ምሽት ውጭ ቁጭ ብላችሁ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጡ ተመልከቱ። የጣት ስፋት ያላት ስንጥቅ ትበቃቸዋለች። ከዋናው መውጫ በስተቀር ሌላውን ሁሉ በሲሚንቶ ወይም በቆርቆሮ ድፈኑ። ዋናው መውጫ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የፕላስቲክ ወንፊት ከላይና ከጎን ምቱት፤ ታቹ ክፍት ሆኖ ግድግዳው ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይውረድ። ሲወጡ በወንፊቱና በግድግዳው መሃል ተንሸራተው ይወጣሉ። ሲመለሱ ግን በለመዱት ቀዳዳ በቀጥታ ማረፍ ስለሚፈልጉ መግቢያው ይጠፋቸዋል። ከአምስት እስከ ሰባት ምሽት ከቆየ በኋላ፣ ምንም የሚወጣ እንደሌለ አይታችሁ ድፈኑት።

ይህን በክረምት አታድርጉት። ብዙ ዝርያዎች የሚወልዱት ነፍሳት በሚበዙበት በዝናቡ ወቅት አካባቢ ነው። እናቶቹ ውጭ ሲቀሩ መብረር ያልቻሉት ግልገሎች ኮርኒሱ ውስጥ ይሞታሉ፤ ሽታውም ትሉም ለእናትዎ ይተርፋል። ከኅዳር በኋላ ጀምሩ። ያን ጊዜም ቢሆን ቀን ላይ ቀጭን የግልገል ጩኸት ከሰማችሁ ሌላ አንድ ወር ጠብቁ።

ኩሱን በደረቁ አትጥረጉት። ለሳንባ የሚያሳስበኝ ከኮሮናው ይልቅ የተከማቸ ኩስ ላይ የሚያድግ ሻጋታ ነው። አቧራው ሲተነፈስ የሳንባ በሽታ ያመጣል። እናትዎና ልጆቹ በዚያን ቀን ጎረቤት ይዋሉ። የሚያጸዳው ሰው ወፍራም ማስክ፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ያድርግ። ከጨርቅ ማስክ ይልቅ ኤን95 የሚባለው ቢገኝ ይመረጣል። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ኩሱ እስኪርስ ርጩበት። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በአካፋ አንስታችሁ ቅበሩት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ኮሮና ላዩ የስብ ሽፋን ስለሆነ ሳሙናና በረኪና ቶሎ ያጠፉታል።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ውሃ የምታጠራቅሙት ከጣራው ከሆነ በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ የሚጠጣውን አፍሉት። ልጆቹም መሬት ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ ካዩ እንዳይነኩ፣ ትልቅ ሰው እንዲጠሩ ይንገሯቸው። ቀን ላይ መሬት የምትገኝ የሌሊት ወፍ ብዙ ጊዜ ደህና አይደለችም። ትልቁ ሰው ካርቶን ከደፋባት በኋላ ከሥር ወፍራም ወረቀት አንሸራቶ ውጭ ያውጣት። ድንገት ከነከሰች ወይም ከቧጠጠች ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለእብድ ውሻ በሽታ የሚሰጠውን ክትባት ጠይቁ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጥርሳቸው መርፌ ስለሆነ ምልክቱ እንኳ ላይታይ ይችላል።

ዓይኗ የጎላው ትልቋ ሆና ካገኛችኋት፣ ወይም ቁጥራቸው በመቶ የሚቆጠር ከሆነ፣ ወንፊቱን ራሳችሁ አትስቀሉ። ለወረዳው ጤናና እንስሳት ሐኪም ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። የትንንሾቹ ከሆነ ግን አጎትዎ በርበሬውን ለወጥ ይተዉትና ከኅዳር በኋላ ወንፊቱን ቢሰቅሉልዎት በቂ ነው።